ያውቁ ኖሯል? ፕሪንተሩ «አላውቅህም» ሲል

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ያሉት ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወረፋቸው ደጅ ድረስ ይወጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይታተማል፣ ይጠረዛል። በአንዱ ሰኔ መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረው ተመራቂ ፍላሹን ለጽሕፈት ቤቱ ልጅ አቀበለው። ልጁ ሰካው፤ ኮምፒውተሩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ያው ነው። «ወንድሜ፣ ድራይቨሩ ተበላሽቷል። ማሽኑ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም፤ ነገ ብቅ በል» አለው። ማስረከቢያው ግን የዚያኑ ዕለት ነበር። ተማሪው ላብ ላብ ሲለው፣ ከወረፋው ጫፍ ፎልደር የታቀፉ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ እስቲ ከኋላ ሰካው» አሉ። ከኋላ ሰካው። ተነበበ።

እናታችን ምን አውቀው ነው? የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳዎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በቀጭን የውስጥ ገመድ ነው፤ ገመዱ ይላላል፣ ቀዳዳውም ሰው ሁሉ ስለሚሰካበት ይደክማል። የኋላዎቹ ግን እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ድራይቨር የተባለው ነገር የዚያን ቀን አንዳች ጥፋት አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ስለቅም ከረምኩ፤ እነሆ። ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባሕር ዳር ላይ «ድራይቨር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ባለባጃጁ ነው። የኮምፒውተሩ ድራይቨር ግን ከሹፌር ይልቅ አስተርጓሚ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዊንዶውስ «ይህን ገጽ አትም» ብሎ ያዛል፤ ፕሪንተሩ የሚገባው የራሱ ፋብሪካ ቋንቋ ብቻ ነው። መሃል ቆማ ቃል የምታቀብለው ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨር ትባላለች። እሷ ከሌለች ገመዱም ደህና፣ ፕሪንተሩም ደህና፣ ንግግር ግን የለም።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊነክስ ከርነል ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የኮድ መስመር አለው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው። ኮምፒውተር ከማስላት ይልቅ እንግዳ ማስተናገድ ይከብደዋል።

የዩኤስቢ የመጀመሪያ ደንብ የወጣው በ1996 መሆኑንስ? ከዚያ በፊት ፕሪንተር ባለ25 እግር ሰፊ ሶኬት፣ ኪቦርድና ማውስ ክብ ሶኬት፣ ሞደም ደግሞ የራሱ ሌላ ነበራቸው። ሁሉንም በአንድ ቀዳዳ ካስገቡት መሐንዲሶች ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የኢንቴሉ አጄይ ባት ነው። «ለምን በሁለቱም ገጽ አይገባም?» ለሚለው የሁላችን እሮሮ የሱ መልስ አጭር ነው፦ ዋጋ። ባለ ሁለት ገጽ ቢደረግ ሽቦውም ወጪውም እጥፍ ይሆን ነበር። ታይፕ ሲ በ2014 መጥቶ ገላገለን። 18 ዓመት ገልብጠን ስንሰካ ኖረን ማለት ነው።

ድራይቨር ቢል ጌትስንም በሕዝብ ፊት እንዳሳፈረው ያውቁ ኖሯል? ኤፕሪል 20 ቀን 1998 ቺካጎ ውስጥ፣ ገና ያልወጣውን ዊንዶውስ 98 ለማሳየት መድረክ ላይ ቆሟል። ረዳቱ ክሪስ ካፖሴላ «ስካነር ሲሰካ ኮምፒውተሩ በራሱ ያውቀዋል፣ ድራይቨሩንም ይጭናል» እያለ ገመዱን ሰካ። ስክሪኑ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ማሽኑ ተዘረጋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌትስም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም እስካሁን ለገበያ ያላቀረብነው ብሎ ሳቁን ተቀላቀለ። እንግዲህ ፔዳ በር ያለው ልጅ ብቻውን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ኮምፒውተር ዝም ብሎ «አልሠራም» አይልም፤ ለእምቢታው ሁሉ ቁጥር አለው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ይንኩና ከዝርዝሩ «ዲቫይስ ማናጀር» የሚለውን ይምረጡ። ቢጫ ምልክትና ቃለ አጋኖ ያለበትን መሣሪያ ሁለቴ ሲነኩት ቁጥሩ ብቅ ይላል። ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር በእርግጥ አልተጫነም፤ ያ ልጅ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኮድ 22 ከሆነ አንድ ሰው መሣሪያውን «ዲሴብል» አድርጎታል፤ «ኢኔብል» ማለት ብቻ ነው፣ ሁለት ክሊክ። ኮድ 45 መሣሪያው አሁን አልተሰካም ይላል። ኮድ 52 የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልቻልኩም ማለት ነው። ኮድ 10 መሣሪያው ልነሣ ብሎ አቅቶታል።

ኮድ 43 ለብቻው ይነገር። መሣሪያው ራሱ «ችግር ገጥሞኛል» ብሎ አመልክቷል፤ ዊንዶውስም አስቁሞታል። ሰዉ ይህን ሲያይ ድራይቨር ፍለጋ ይሮጣል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ገመድ ቀይሩ እላለሁ። ቀጥሎ ቀዳዳ ይቀየር፣ ቀጥሎ መሣሪያው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር። እዚያም እምቢ ካለ ሕመሙ የመሣሪያው ነው። እዚያ ከሠራ ግን ወደ ዲቫይስ ማናጀር ተመልሶ በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል»፣ ነቅሎ ሪስታርት፣ ከዚያ መልሶ መሰካት። ነገሩ የተበላሸው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ እዚያው አለ፤ የቀድሞውን ይመልሳል። ይህ ሁሉ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይጠናቀቃል። ፎርማት ግን ግማሽ ቀን ነው።

አንዳንድ የሞባይል ገመድ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የተለመደው የዩኤስቢ 2 ገመድ በሆዱ አራት ሽቦ አለው፦ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ርካሹ ገመድ የመረጃዎቹን ሁለት ይቀንሳል። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ግን መሰካቱን እንኳ አይሰማም። ሺህ ድራይቨር ቢጫን ለውጥ የለውም።

ገመዱ ደህና ሆኖም የአንድሮይድ ስልክ ፎቶ አላሳይ ይላል። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ፣ ማለትም ከ2015 ጀምሮ፣ ስልክ ሲሰካ ራሱን «ቻርጅ ብቻ» ላይ ያደርጋል። ከላይ ወደታች ስበው «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን መንካት ነው። ጥምቀትን ቀርጸው ፎቶ ለማሳጠብ የሚመጡ ሰዎች ግማሽ ጭቅጭቅ እዚህ ያልቃል።

ያ የዩኤስቢ ኢንተርኔት ዶንግል፣ ሲም የሚገባበት፣ ሲሰካ ሲዲ ይመስል እንደነበር ያስታውሳሉ? ስህተት አልነበረም። የሁዋዌና የዜድቲኢ ዶንግሎች ብዙዎቹ ድራይቨራቸውን በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ። መጀመሪያ ሲሰኩ «እኔ ሲዲ ነኝ» ይላሉ፤ ምክንያቱም ሲዲን የማያውቅ ኮምፒውተር የለም። ዊንዶውስ ሲዲውን ይከፍታል፣ ድራይቨሩ ከዚያ ይጫናል፣ ከዚያም ዶንግሉ «ሲዲነትህን ተው» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ራሱን ነቅሎ እንደተሰካ ሁሉ ይጠፋና በሌላ መታወቂያ ሞደም ሆኖ ይመለሳል። ሊነክስ ላይ ይህን ካባ ማስወለቂያ ብቻ የሆነ «ዩኤስቢ ሞድ ስዊች» የተባለ ፕሮግራም አለ። «ዶንግሌ ሲዲ ሆኖ ቀረ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት፣ የተሰናከለው ያ የካባ ለውጥ ነው።

ሸትዳውንና ሪስታርት አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ከ2012 ወዲህ፣ ኮምፒውተሩን ሲያጠፉት ቶሎ እንዲነሣ ብሎ ከርነሉንና ድራይቨሮቹን እንዳሉ አስተኝቶ ያቆያቸዋል። ጠዋት ሲያበሩት ትናንት የተሳሳተው ድራይቨር ስህተቱን ይዞ ይነቃል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከዜሮ ያስጀምራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሪንተርዎ በተአምር ተስተካክሎ አግኝተውት ከሆነ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሳይሰናበት የተቆረጠ ኮምፒውተር አስተኝቶ ያቆየው ነገር የለውምና አዲስ ይነሣል። መብራት ኃይል ምስጋና የሚገባው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ፕሪንተሩን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ዊንዶውስ አዲስ ፕሪንተር የተገዛ ሊመስለው እንደሚችልስ? መለያ ተከታታይ ቁጥሩን የማይናገር መሣሪያ የሚታወቀው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ከስሙ ጎን «ኮፒ 1» የሚል መንትያ ይፈጠራል። እርስዎ ፕሪንት የሚሉት በቀድሞው ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ባዶ ቀዳዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሥራው ይከማቻል፣ ሰዉ ይከማቻል፣ ባለሱቁ ይሳደባል። በአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ ፕሪንተር ብቻ ኖሮ በዝርዝሩ ላይ እስከ «ኮፒ 5» ቆጥሬያለሁ። የደበዘዙትን አጥፍቶ የቀረውን «ዲፎልት» ማድረግ ብቻ በቂ ነበር።

ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 የተባለችው ትንሿ ፕሪንተር መብራት በጠፋባት ቁጥር ማንነቷን እንደምትረሳ ያውቁ ኖሯል? የምትሠራበት ፈርምዌር በውስጧ አይቀመጥም፤ በበራች ቁጥር ድራይቨሩ ከኮምፒውተሩ ይልክላታል። ካልላከላት መብራቷ ይበራል፣ ወረቀት ግን አትስብም። ገመዷን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃታል።

አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ኃይል 500 ሚሊ አምፔር በ5 ቮልት፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ ቢሰላ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቀዳዳ ይመግባል። ታዲያ ያን ሁሉ ኃይል ያለን ሰዎች ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሞደምና ማውስ በአንድ ርካሽ ማባዣ ላይ ደርድረን ሦስቱንም በአንድ ቀዳዳ 2.5 ዋት እናኖራቸዋለን። ሃርድ ዲስኩ ቲክ ቲክ ብሎ ሲጠፋ የተራበ ነው። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ እዚያ ይሞክሩት።

ለጨዋታ ያህል፦ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር የሚያድላቸው ብዙ ድራይቨሮች ቀናቸው ጁን 21 ቀን 2006 ይላል። አርጅተው አይደለም። የፋብሪካው ድራይቨር ምንጊዜም አዲስ መስሎ እንዲመረጥ ሆን ተብሎ ወደኋላ የተጻፈ ቀን ነው። ኢንቴል ደግሞ ብሶበት በቺፕሴት ድራይቨሮቹ ላይ ጁላይ 18 ቀን 1968 ብሎ ጽፏል፤ ኩባንያው የተመሠረተበት ቀን! «ድራይቨርህ ከ2006 ጀምሮ አልታደሰም» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ካዩ ይሳቁበት።

ኢንቴልን ካነሣን፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ሲሰካ የፋብሪካውን ቁጥር ይናገራል፤ የኢንቴል 8086 ነው፤ በ1978 ባወጣው ፕሮሰሰር ስም። «አንኖውን ዲቫይስ» የሚል ሲገጥምዎ በ«ዲቴይልስ» ሥር «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ያውጡና ያን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉት። ስም የሌለው መሣሪያ አባቱ በዚያ ይታወቃል።

አሁን ጥያቄው ኢንተርኔት ባይኖርስ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋ ጊዜ፣ ድራይቨር የሚገኘው ከሰው ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ነበር። ስናፒ ድራይቨር ኢንስቶለርን የመሳሰሉ ሙሉ ጥቅሎች በአሥር ጊጋ ባይቶች ይመዝናሉ፤ አንዴ ከወረዱ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። እዚህ ላይ ፎርማት የሚባለው መድኃኒት ጉዱ ይወጣል፦ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ የዋይፋይ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ድራይቨር ጠፋ ተብሎ የተደረገ ፎርማት ድራይቨር ያጠፋል! መውጫው፣ ዳታ ካለ፣ የአንድሮይድ ስልክን በገመድ ሰክቶ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ማብራት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል።

በነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ ጀርባ አንድ ፕሪንተር እንዳለ ያውቁ ኖሯል? በ1980 ገደማ በአሜሪካ ኤምአይቲ የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት ሲነክስ ለሰዉ ሁሉ መልእክት እንዲልክ የቀድሞውን ፕሪንተር ፕሮግራም አሻሽሎት ነበር። ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ሰጣቸው፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ግን ተከለከለ። ያ ቁጭት በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ካስጀመሩት አንዱ ሆነ።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ የ«ፖሊ»፣ ተማሪዎች ይህን ልብ ይበሉ። ዋናው አርዱዊኖ ሲወደድ የሚገዛው ቅጂ ብዙውን ጊዜ ሲኤች340 የተባለ ቺፕ አለው፤ አሮጌ ዊንዶውስ አያውቀውም፣ ድራይቨሩን በፍላሽ መያዝ ነው። ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ ሠሪ በ2014 የለቀቀው ድራይቨር ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ሲያገኝ መለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይለውጥበት ነበር፤ ቺፑ ከዚያ በኋላ የትም አይታወቅም። ኡኡታው ሲበዛ ድራይቨሩ ተነሣ። ፎርጂድ መሥራት ነውር ነው፤ ሳያውቅ የገዛውን ተማሪ መቅጣት ግን የባሰ ነውር ይመስለኛል።

አርኤስ-232 የተባለው አሮጌ ባለ እግር ሶኬት በ1960 ወጣ፤ በ1963 ከተከፈተው ከፖሊቴክኒኩ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ዛሬም የመለኪያ መሣሪያዎች ይጠቀሙበታል፤ ወደ ዩኤስቢ የሚለውጠው ገመድ ኮድ 10 ካለዎ፣ አዲሱ የፕሮሊፊክ ድራይቨር የቀድሞውን ቺፕ አልቀበልም ብሎ ይሆናል። አሮጌውን ስሪት ይጫኑለት።

ፍላሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ፎርማትም አያድርጉ። ቫይረሱ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ አያጠፋቸውም። በፍላሽ የሚሄድ ነገር ግን አይናቅም፦ በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት በፍላሽ ይዛመት ነበር፤ ድራይቨሩ ሪልቴክና ጄማይክሮን ከተባሉ ሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ ዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ነው። ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ሌባም ቫይረስም ሳይኖር፣ የክራውድስትራይክ አንድ የተሳሳተ አፕዴት በከርነል ውስጥ የሚሠራ ድራይቨሩን አሳስቶ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ጣለ። አውሮፕላኖች ሳይነሡ ዋሉ።

ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የጣና ደሴቶችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ ለዚያ ካሜራ ድራይቨር አላስፈለገውም። ዛሬ ስካነርዎ ለአዲስ ዊንዶውስ ድራይቨር ካጣ አይጣሉት፤ ከ1998 ጀምሮ ያለው የኤድ ሃምሪክ ቭዩስካን ከ7,000 በላይ ስካነሮችን ያናግራል፣ በክፍያ ቢሆንም። ብራና ግን ስካነር ላይ አይጫንም፤ ቀለሙ ይጎዳል፣ ጥራዙም ይሰበራል።

በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተሩ ባዶ ሲሆን «ድራይቨር ነው» ተብሎ ሻይ ዕረፍት ይወጣል። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው «P»ን ይጫኑ፤ «ዱፕሊኬት» ይበሉ። ስብሰባው ባይጀመር ይሻል ነበር የሚሉ ካሉ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።



እንግዲህ አንድ ቀን «ፎርማት ላድርገው?» መባልዎ አይቀርም። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሰነድና «ዶክመንትስ» ውስጥ ያለው ሁሉ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ባለበት በዚያው በሲ ክፍል ነው፤ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ «ኮዱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው እጁን ከማሽኑ ላይ ያንሣ፤ እርስዎም የመመረቂያ ጽሑፍዎን ሌላ ፍላሽ ላይ ዛሬውኑ ይገልብጡ።